አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሐል

የኛ ሕንፃ አሳንሰር፣ ሳንቲም ካላጎረሱት፣
ንቅንቅ አይልም፣ ቢለምኑት ቢረግሙት።
ሠላሳ አንድ ዓመት ሆዱን ስፈታ፣ ስገጥም፣
አውቀዋለሁ፤ ሳሉን ከሌላ ሳል አልስትም።

አሁን ጡረታ ነኝ። ትብሊሲ ላይ ጠዋት ሲሆን፣
ሥራዬ አንድ ነው፦ ዳቦ ማምጣት፣ ትኩሱን።
ፅያላ ዓይኗን ሳትገልጥ «ጫፉን እንዳትበላ» ትለኛለች፣
«አልበላም» እላለሁ፤ ውሸቴን ታውቃለች፣
ትራሷን በቀዝቃዛው በኩል ገልብጣ ትተኛለች።

ስወርድ በእግሬ ነው፤ ቁልቁለት አያስከፍልም።
ስድስተኛው ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት፣
(የቫርላም ነው፤ አልፈዋለሁ አፍንጫዬን ይዤ፣ በኩራት፤)
አምስተኛው አዲስ ቀለም፣ ሦስተኛው ድመት፤
ሁለተኛው ላይ ፒያኖ የሚለማመድ ልጅ፣
እዚያችው ጋ ይሰናከላል፤ እኔም እጠብቀዋለሁ ከደጅ፤
ያች ስሕተት ሆናለች የማለዳ ወዳጅ።

ምድር ቤት ኖዳሪ አለ፣ ከጉድጓድ ምድጃው፣
እስከ ወገቡ ተዘቅዝቆ፣ እግሩን ብቻ ነው የምናየው፤
ሰላምታ እንኳ የምንሰጠው ለጫማው።
ሊጡን ከሸክላው ግድግዳ ለጥፎ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣
ያወጣዋል ዳቦውን፣ እንደ ጀልባ ሹል አድርጎ፤
ጋዜጣ ጠቅልዬ ያዝኩት፣ ሆዱ ያበጠ፣
መዳፌን የለበለበ፣ ልቤን ያቀለጠ።

ውጭ፣ ጆሮው ላይ ቢጫ ቁጥር ያለበት የሰፈር ውሻ፣
ይሸኘኛል እስከ በሩ፤ ዋጋው አንድ ጉርሻ።

ለመውጣት ግን ጉልበቴ እሺ አይልም።
ሃያ ሳንቲም አጎረስኩት፤
በሩ ሊዘጋ ሲል ገባ አንድ እጅ፣ ጣት የጎደለው፤
በጣቱ ለየሁት።

ቫርላም።

ሦስት ዓመት ያላናገርኩት። የልብስ ማስጫ ሽቦ ነው ምክንያቱ፤
አንሶላዬ በመስኮቱ ተንጠባጥቦ፣ አንድ ቃል ተናገረ፣
እኔም አንድ ጨመርኩ፣ እሱም ስለ እናቴ ጀመረ።

ቁጥሮቹን እያየን ቆምን፣
እንደ ሁለት እርጥብ ጃንጥላ፣ ጥግ ለጥግ ተደግፈን።
አራተኛን አለፍን። አሳንሰሩ አሳለ፣
ሁለቴ ነጠረ፣ መብራቱን አጠፋና ዝም አለ።

የቱ ሽቦ እንደላላ አውቃለሁ፤ ከቁልፉ ጀርባ፣ በስተግራ፣
በጥፍር ይገፋል፤ የደቂቃ ሥራ።
እጄን ዘረጋሁ።
አልነካሁትም።

ዳቦው መሽተት ጀምሮ ነበራ!
ጨለማ ውስጥ ሽታ ይሰፋል፤
ያቺ ጠባብ ሣጥን ዳቦ ቤት አከለች።
የቫርላም ሆድ ጮኸ፣ እንደ ልጅ፣ ያለ ኀፍረት፤
ጫፉን ቆርሼ ወደ ድምፁ ዘረጋሁለት።

መጀመሪያ ጣቱ ነካኝ፣ ከዚያ ቁራሹ ከእጄ ወጣ፣
ከዚያ የማኘክ ድምፅ፣ ከዚያ «ጨው አነሰው» የሚል ቃል መጣ።
ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ይህ ነው የመጀመሪያው!
«ኖዳሪን ደም ግፊት ይዞት ነው፤
ሐኪሙ እሱን ከለከለ፣ እሱ ሰፈሩን ከለከለው።»
ሳቁ የአሳንሰሩን ግድግዳ አንቀጠቀጠው።

ከኪሱ አይብ አወጣ፤
ለማን ይዞት እንደነበር አልጠየቅሁም።
ስለ ሽቦው አላነሳንም፤ ይቅርታም አልተባባልንም።
ያወራነው ስለ ውሃ ግፊት፣ ስለ ቲማቲም ዋጋ፣
ባቡር ጣቢያው ጀርባ ስላለው ኮምጣጣ አረንጓዴ ፕሪም፣
እሱ ገና ነው ይላል፣ እኔ ደርሷል፤ እዚህ ላይ አልተስማማንም።
በበሩ ስንጥቅ የገባች ብርሃን
የሱን ጢም ፍርፋሪ አንድ በአንድ ታበራለች።

ጋዜጣው ሲቀልል፣ ሽቦውን በጥፍሬ ገፋሁት።
መብራት መጣ።
«ታውቀው ኖሯል?» አለኝ።
«ጡረታ ወጥቻለሁ» አልኩት።

ሰባተኛው ላይ ፅያላ በሩን ከፈተች፣
ባዶውን ጋዜጣ አየች፣ እኔን አየች፣
«ዛሬስ ጫፉን ብቻ አይደለም» አለች፣
ሃያ ሳንቲም መዳፌ ላይ አኑራ በሩን ዘጋች።

ስወርድ በእግሬ ነው።
ስድስተኛው ላይ ሽንኩርት፤ አፍንጫዬን አልያዝኩም።
ሁለተኛው ላይ ልጁ እዚያችው ጋ ሊደርስ ነው፤
ቆሜ ጠበቅሁት።